ኩሮሳዋ ሲመሽ የሚሠራው ሥራ

የጃፓናዊውን ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋን ፊልም፣ የ«ሰባቱ ሳሙራይ»ን የመጨረሻ ውጊያ ድምፁን ዘግቼ፣ እያቆምኩ እያስጀመርኩ ካየሁት ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ዝናቡ ይወርዳል፤ መንደሩ በጭቃ ተለውሷል፤ ፈረሶች በጠባቡ መንገድ ይተራመሳሉ። አንድ እንቅስቃሴ በአንዱ ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ ባነሣው ቁራጭ) ይጀመርና ከሌላ አቅጣጫ በተነሣ ሾት ያልቃል። የጭቃው ፍንጣሪ እንኳ ካቆመበት ነው የሚቀጥለው። ሰው ተለማምዶ አወዳደቁን ሊደግም ይችል ይሆናል። ፈረስ ግን ለዳይሬክተር ብሎ አንዱን መንሸራተት ሁለቴ አይንሸራተትም። ታዲያ ይሄ እንዴት ተቀረጸ?

መልሱ አጭር ነው፤ አንዴ ነው የተቀረጸው፣ በብዙ ካሜራ። ይህን ማንኛውም የፊልም ተማሪ ያውቀዋል። እኔን የያዘኝ ከዚያ የሚከተለው ነው። ስለ አኪራ ኩሮሳዋ ሲወራ ሁሌ የሚነሣው ቀረጻ ቦታ ላይ ያለው ሰውዬ ነው፦ ቆብ የደፋ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ የሚፈልገው ደመና እስኪመጣ ሠራተኛውን በሙሉ የሚያስቆም፣ «ንጉሠ ነገሥቱ» የሚል ቅጽል የወጣለት። ካሜራዎቹ ለምን እንደበዙ ስከተል ግን ያገኘሁት ሌላ ሰው ነው። ማታ ማታ ፊልም እየቆረጠ የሚቀጥለው። ቀን ላይ ያለው ጌታ ይመስላል እንጂ የዚህ የማታው ሰው ተላላኪ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያ ቀዝቃዛ ወር

የ«ሰባቱ ሳሙራይ» ቀረጻ በሜይ 1953 ተጀመረ። ቶሆ ስቱዲዮ ወጪው ሲያስደነግጠው ሥራውን ከአንድ ጊዜ በላይ አስቁሞታል። ኩሮሳዋ አልተሟገተም፤ ዘንጉን ይዞ ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ። ስሌቱ ግልጽ ነበር፤ ያን ያህል ገንዘብ ያፈሰሰ ስቱዲዮ ፊልሙን ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎት አይወጣም። አልወጣምም። ቀኑ ግን እየተገፋ ሄዶ፣ ታላቁ የዝናብ ውጊያ ፌብሩዋሪ 1954 ላይ አረፈ፤ በጃፓን የብርዱ ወር ማለት ነው። ከዋነኞቹ ተዋንያን አንዱ ቶሺሮ ሚፉኔ ግማሽ ራቁቱን በሚያሳይ ልብሱ ያን ጭቃ ውስጥ ዋለ። በዕድሜው እንዲያ በርዶት እንደማያውቅ ኋላ ተናግሯል።

እስከዚያ ድረስ የተለመደው አሠራር አንድ ካሜራ ነው። መጀመሪያ ትዕይንቱ በሙሉ ከሩቅ ይነሣል። ከዚያ መብራቱ ይቀየርና ያው ድርጊት ከቅርብ ይደገማል፣ ከዚያ ደግሞ ከጎን። ኤዲተሩ እነዚህን ድግግሞሾች ያጋጥማል። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ሲነጋገሩ ይህ ይሠራል። ዝናብ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ድግሞሽ ሌላ ፊልም ይሆናል። ፈረስ የረገጠው ጭቃ ወደ ነበረበት አይመለስም። በፓምፕ የሚረጨው ውሃ አንዴ ይበረታል፣ አንዴ ይሳሳል። የመጀመሪያው ቀረጻ ላይ ደረቅ የነበረ እጅጌ በሁለተኛው ላይ ተጣብቆ ይታያል። ተዋናዩ ደግሞ በሦስተኛው ላይ የሚንቀጠቀጠው ከፍርሃት ሳይሆን ከብርድ ነው፤ ያ ደግሞ በፊቱ ላይ ይነበባል።

ችግር በቅቤ ያስበላል ነው ነገሩ። ኩሮሳዋ ካሜራዎቹን ያበዛው በዚያ ዝናብና ትርምስ ውስጥ ምን እንደሚፈጠር አስቀድሞ ማወቅ ስለማይቻል መሆኑን ራሱ ገልጿል። ክፍፍላቸውንም እንደሚከተለው አስቀምጦታል። ካሜራ «ሀ» በደንበኛው ቦታ ይቆማል፤ ማንም ዳይሬክተር ሊያቆመው በሚችልበት ቦታ። ካሜራ «ለ» ፈጣንና ወሳኝ ቅጽበቶችን ይለቅማል። ካሜራ «ሐ» ደግሞ እንደ ሽምቅ ተዋጊ ነው፤ ቋሚ ግዳጅ የለውም።

ይህ ክፍፍል ላይ ብዙ ቆይቻለሁ። ሦስት ካሜራ ያለው ሰው በተፈጥሮ የሚያደርገው አንዱን ግራ፣ አንዱን ቀኝ፣ አንዱን መሐል ማቆም ነው። ኩሮሳዋ ግን ቦታ አላከፋፈለም፤ ሥራ ነው ያከፋፈለው። አንዱ ታሪኩን ይጠብቃል፣ አንዱ ድንገተኛውን ያድናል፣ ሦስተኛው ያልታሰበውን ያመጣል። እንዲህ ብሎ የሚያስብ ሰው ከሌንሱ ኋላ ቆሞ አይደለም የሚያስበው። ማታ ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጡለትን ሦስት ዓይነት ቁራጮች ዕያየ ነው።

ውጊያ እንዲህ ይቀረጻል ቢባል ማንም ይስማማል። የእኔ ትልቁ ጥያቄ የተነሣው በሚቀጥለው ዓመት ሥራው ላይ ነው። በ1955 የወጣው «የሕያው ፍጡር ማስታወሻ» ጦርነት የለበትም፣ ፈረስም የለበትም። የአቶም ቦምብ ፍርሃት ይዞት ቤተሰቡን ጠቅልሎ ወደ ብራዚል ልውሰድ የሚል ሽማግሌ ታሪክ ነው። አብዛኛው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ መነጋገር ነው። ኩሮሳዋ ግን እዚያም ካሜራዎቹን አበዛ፤ ከዚያ ወዲህም የዘወትር አሠራሩ ሆነ። በችግር ጊዜ የተያዘው መላ ችግሩ ከሄደ በኋላም ለምን ቀጠለ?

ተዋናዩ የማያውቀው ሌንስ

ለምን እንደቀጠለ ለመረዳት ወጪውን ማየት ይጠቅማል። ሦስት ካሜራ አንድ ትዕይንት ላይ ስታቆም መጀመሪያ የሚገጥምህ አንዱ ሌላውን ማየቱ ነው። መፍትሔው ማራቅ ነው። ካሜራው ሲርቅ ደግሞ ፊት በደንብ እንዲታይ ረጅም ሌንስ ያስፈልጋል። ረጅም ሌንስ የራሱ ጠባይ አለው። ጥልቀትን ይጨፈልቃል፤ አሥር ሜትር ርቆ ያለው ፈረስ ሰውየው ጫንቃ ላይ የወጣ ይመስላል። ከሌንሱ እስከ ተዋናዩ ያለው ዝናብ ሁሉ አንድ ላይ ተነባብሮ መጋረጃ ይሆናል። ያ ውጊያ የሚያፍነን በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳቱም ከዚያው ይመጣል። ረጅም ሌንስ ፎከሱ ጠባብ ነው። ተዋናዩ ግማሽ እርምጃ ወደፊት ከመጣ ፊቱ ይደበዝዛል። ይህን ለመከላከል የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ ያስፈልጋል፤ ቀዳዳው ሲጠብ ደግሞ ብርሃን ይጠፋል፤ ስለዚህ መብራት ይጨመራል። መብራቱ ከሦስት አቅጣጫ ለሚያዩ ካሜራዎች ሁሉ መስማማት አለበት። ለአንዱ ውብ የሆነው ጥላ ለሌላው አፍንጫ ላይ የተቀባ ጥላሸት ይሆናል። መብራት አቁዋሚው የትኛውንም ፊት እንደ ልቡ ማስዋብ አይችልም። እንደ እኔ እምነት የአሠራሩ እውነተኛ ድክመት ይኸው ነው። በቀደመው ፊልሙ በ«ራሾሞን» ላይ ካሜራ ባለሙያው ካዙዎ ሚያጋዋ በአንድ ካሜራ፣ የፀሐዩን ብርሃን በመስታወት እየመለሰ ጫካ ውስጥ ያስገባበትን ጥንቃቄ ከሦስት ካሜራ ጋር ማስኬድ ይከብዳል።

የፊልሙም ፍጆታ አለ። 35 ሚሊ ሜትር ፊልም በሴኮንድ 24 ፍሬም ሲሄድ በደቂቃ 90 ጫማ ይበላል። አራት ደቂቃ የሚፈጅ ትዕይንት በአንድ ካሜራ 360 ጫማ ነው፤ በሦስት ካሜራ 1,080። አንዱ ተዋናይ መጨረሻው ላይ ቃል ቢስት ያ ሁሉ ፊልም ይጣላል። ስለዚህ ስሕተቱ የሚታረመው ካሜራው ከመነሣቱ በፊት ነው፤ ልምምዱ ሙሉ ልብስና ሜካፕ ተደርጎ፣ እንቅስቃሴው ሁሉ ሰውነት ውስጥ እስኪገባ ይደጋገማል። ኩሮሳዋ ልምምድ አብዝቶ ቀረጻ የሚቀንስ ሰው የሆነው ለዚህ ነው።

በዚህ ሁሉ ወጪ የተገዛው ነገር ምንድን ነው? ተዋናዩ የትኛው ካሜራ እንደያዘው አያውቅም። አንድ ካሜራ ሲኖር፣ ቅርብ ሾት እንደሚነሣ ሲነገረው፣ የሠለጠነ ተዋናይ እንኳ ፊቱን «ያዘጋጃል»። ካሜራዎቹ ርቀው ሲቆሙ ግን የሚጫወትለት ሌንስ የለም፤ ያለው አጠገቡ የቆመው ተዋናይ ብቻ ነው። ትዕይንቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ ስለሚሄድም ቁጣው ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ሰውነቱ ያውቀዋል። የማታው ሰው የሚፈልገው ይህን ነው፤ ሦስት ፊልም፣ አንድ እውነተኛ ጊዜ።

ጥግ የሚባል ነገርም አይኖርም። ካሜራው ከየትም ሊያይ የሚችል ከሆነ ግንባታው ከየትም መሟላት አለበት። በ1965ቱ «ቀይ ጺም» የክሊኒኩ የመድኃኒት መሳቢያዎች፣ ፊልሙ ላይ የማይከፈቱት ጭምር፣ ውስጣቸው ተሟልቶ ነበር። ይህ ብዙ ጊዜ እንደ እብደት ይወራል። ከእብደቱ በስተጀርባ ግን ቀላል ምክንያት አለ፤ ተዋናዩ በልምምድ ላይ እጁ ወደ መሳቢያው ቢሄድ ባዶ ሊያገኝ አይገባም።

ማታ

አብዛኛው ዳይሬክተር ቀረጻውን ይጨርስና ኤዲቲንግ ይጀምራል። ኩሮሳዋ ቀረጻው ገና እየሄደ፣ የቀኑ ሥራ ሲያልቅ የታጠበውን ፊልም ይዞ ይቀመጥ ነበር። ለዚህ የማያወላዳ ማስረጃ የቀን መቁጠሪያው ነው። የ«ሰባቱ ሳሙራይ» ቀረጻ ያበቃው ማርች 1954 ውስጥ ነው። 207 ደቂቃ የሚፈጀው ፊልም ሲኒማ ቤት የገባው ኤፕሪል 26 ቀን 1954 ነው። በዚያ መሐል ባለች አጭር ጊዜ ያን ሁሉ ፊልም ከባዶ ተነሥቶ የሚቀጥል ሰው የለም። አብዛኛው ተቀጥሎ ነበር።

ሥራው ምን ይመስላል? የሦስቱን ካሜራ ፊልሞች በክላፐሩ (ቀረጻ ሲጀመር በሚመታው ሰሌዳ) ምት ታገናኛለህ። ከዚያ ወዲያ ሦስቱም በአንድ ሰዓት ይሄዳሉ። ከ«ሀ» ወደ «ለ» መቼ ትሻገር? ኩሮሳዋ በብዛት የሚሻገረው እንቅስቃሴ መሐል ላይ ነው፤ ሰውየው ከመነሣቱ በፊት ወይም ከቆመ በኋላ ሳይሆን እየተነሣ ሳለ። ዓይን እንቅስቃሴውን ሲከተል ቁርጡን አያየውም። በአንድ ካሜራ ይህ አድካሚ ነው፤ ሁለቱ ድግግሞሾች በእጅ አቀማመጥ ይለያያሉ። በሦስት ካሜራ ግን ያው እጅ ነው። ለዚህ ነው እኔም እያቆምኩ እያስጀመርኩ ቁርጡን ለመያዝ የተቸገርኩት።

የማታው ሥራ ሌላም ጥቅም አለው። የጎደለ ሾት ካለ የሚታወቀው መንደሩ ሳይፈርስ፣ ተዋናዩ ጺሙን ሳይላጭ ነው። በየዕለቱ ማን፣ በየትኛው እጁ፣ ምን ይዞ እንደነበር የሚመዘግብ ሰው ከሌለ ግን ይህ ሁሉ ይዘበራረቃል። ከ«ራሾሞን» ጀምሮ በዚህ ሥራ አብራው የዘለቀችው ቴሩዮ ኖጋሚ ናት። የኩሮሳዋ ስም ሲጠራ የእሷ አለመጠራቱ ያናድደኛል።

ከሁሉ የሚከብደው መጣል ነው። ኩሮሳዋ በሕይወት ታሪኩ ላይ እንደጻፈው፣ አንድ ሾት ምን ያህል እንዳስለፋ ለተመልካቹ ጉዳዩ አይደለም፤ ካላስፈለገ ካላስፈለገ ነው። ይህን የተማረው ከአለቃው ከካጂሮ ያማሞቶ ነው። በ1941 በወጣው የፈረስ ፊልም ላይ ኩሮሳዋ ረዳት ነበር። ውርንጭላዋ ተሽጣባት የምትንከራተት እናት ፈረስ ያለችበትን ክፍል ስሜት በተሞላ፣ በተጣደፈ ቁርጥ ቀጠለው። ያማሞቶ አይቶ ይህ ድራማ የሚፈልግ ቦታ አይደለም፣ ዝም ያለ ኀዘን ነው የሚፈልገው አለው። ኩሮሳዋ የቅርብ ሾቶቹን አውጥቶ ጣለና በጨረቃ ብርሃን ከሩቅ የምትታየውን ፈረስ ብቻ ተወ። ልብ አድርጉ፤ ያማሞቶ አዲስ ነገር እንዲቀረጽ አላዘዘም። መልሱ ቀድሞውኑ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ምሳ ይበሉ ነበር ወይ?

ለማታ የሚሠራ ሰው ጠዋቱን በዘፈቀደ አይጀምርም። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። የ«ሰባቱ ሳሙራይ» ስክሪፕት ላይ ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ኩሮሳዋ፣ ሺኖቡ ሃሺሞቶና ሂዴዎ ኦጉኒ። አታሚ በምትባል የፍል ውሃ ከተማ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ገብተው በር ዘግተው ጻፉ። ሃሺሞቶና ኩሮሳዋ ይጽፋሉ። ኦጉኒ ብዕር አያነሣም፤ የጻፉትን ተቀብሎ ያነባል፤ ካላመነበት እንደገና ይጻፋል። ደመወዙን በማንበብ ብቻ የሚበላ ጸሐፊ ማለት ነው፤ እኔ ግን ከሦስቱ ይልቅ የሚያስፈልገው እሱ ይመስለኛል። ሁለት ሰው ሲጽፍ ሁለቱም ለመስመራቸው ይሟገታሉ፤ ያልጻፈው ሰው ግን የሚከላከለው መስመር የለውም።

ከዚያ በፊት የአንድ ሳሙራይን አንድ ቀን ከንጋት እስከ ማታ የሚያሳይ ታሪክ ጀምረው ነበር። ሃሺሞቶ በዚያ ዘመን ሳሙራዮች ምሳ ይበሉ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ሊያረጋግጥ አልቻለም። ፕሮጀክቱ ተሰረዘ! መጀመሪያ ስሰማው ሳቅሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ትክክል ነው። የአንድ ሰው ሙሉ ቀን የሚል ፊልም ላይ እኩለ ቀን ሲደርስ ሰውየው ምን እንደሚያደርግ ካላወቅህ ቀኑን አታውቀውም።

ለ«ሰባቱ ሳሙራይ» ኩሮሳዋ የእያንዳንዱን ሳሙራይ ጠባይ በማስታወሻ ደብተር ጽፎ ነበር፦ እንዴት እንደሚራመድ፣ ጫማውን እንዴት እንደሚያሥር፣ ሲጠሩት እንዴት እንደሚዞር። ለመንደሩ ገበሬዎችም የቤተሰብ መዝገብ አዘጋጅቶ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ ለተጨማሪ ተዋንያኑ ሳይቀር ሰጣቸው። የዚህ ጥቅም ከካሜራ «ሐ» ጋር ይገናኛል። ግዳጅ የሌለው ካሜራ ድንገት ወደ ኋላ ረድፍ ቢዞር፣ እዚያ የቆመችው ሴት ባሏ የቱ እንደሆነ የምታውቅ ሴት መሆን አለባት።

የማይደገም ባቡር

አሠራሩ ጫፉ ላይ የደረሰው በ1963ቱ «ገነትና ሲኦል» ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ባለሀብት ለታገተ ልጅ ማስለቀቂያ ገንዘብ ይዞ ፈጣን ባቡር ላይ ይሳፈራል። መስኮቱ የሚከፈተው ሰባት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ቦርሳው ከዚያ መቅጠን አለበት። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ልጁን ከታች አይቶ ገንዘቡን ይወረውራል። ኩሮሳዋ ይህን ስቱዲዮ ውስጥ በተሠራ ፉርጎ አልቀረጸም። እውነተኛ ባቡር ተከራየ፣ ካሜራዎችን በየቦታው ደረደረ፣ ባቡሩ ወንዙን ሲያቋርጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሠሩ። ባቡር እንደ ጭቃው ፈረስ ነው፤ አለፈ፣ አለፈ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚህ የሚለቀም የለም።

ትዕይንቱን ስታዩት ከደቂቃዎች አይበልጥም። ከዚያ በፊት ግን ፊልሙ ለረጅም ጊዜ አንድ ሳሎን ውስጥ ተዘግቶ ቆይቷል፤ ያውም በብዙ ካሜራና በረጃጅም ቀረጻ። ሳሎኑና ባቡሩ በአንድ ዘዴ ነው የተሠሩት። በ1955ቱ ፊልም ለምን አልተወውም ላልኩት ጥያቄ መልሱን ያገኘሁት እዚህ ነው። ለኩሮሳዋ ሰዎች ተቀምጠው ሲወስኑም ፈረስ ጭቃ ላይ ሲንሸራተትም ያው ነው፤ የማይደገም ነገር ነው።

ሌላ ሰው የያዘው ካሜራ

ዋጋው አልቀረም። «ቀይ ጺም» ከዓመት በላይ ፈጀ፤ ከሚፉኔ ጋርም የመጨረሻቸው ሆነ። ቴሌቪዥን ተመልካቹን ከሲኒማ ቤት ባወጣበት ዘመን እንዲህ የሚሠራ ሰው የሚሸከም ስቱዲዮ ጠፋ። ከአሜሪካኖች ጋር የጀመረው የፐርል ሃርበር ፊልም ላይ ከዳይሬክተርነቱ ተነሣ፣ በ1970 ያወጣው ከሰረ፣ በዲሴምበር 1971 ራሱን ሊያጠፋ ሞከረ። መልሶ ያቆመው በሶቭየት ኅብረት የሠራው የ1975ቱ «ዴርሱ ኡዛላ» ነው። ለ«ካገሙሻ» ገንዘብ ሲጠፋ ደግሞ ፊልሙን በወረቀት ላይ፣ በቀለም፣ ትዕይንት በትዕይንት ሣለው። አሜሪካውያኑ ዳይሬክተሮች ኮፖላና ሉካስ ገብተው ትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስን ባያሳምኑ እዚያው በሥዕል ይቀር ነበር።

በ«ካገሙሻ» የሆነው ግን ከገንዘቡ ይልቅ የሚነግረን አለ። ለዋናው ገጸ ባሕርይ፣ የጦር አለቃውን መስሎ እንዲቀመጥ ለሚደረገው ሌባ፣ የተመረጠው ሺንታሮ ካትሱ በዘመኑ እጅግ የተወደደ ተዋናይ ነበር። ቀረጻው ሲጀመር የራሱን ቪዲዮ ካሜራ አስመጣ፤ ትወናውን ቀርጾ ራሱ ሊያጠናው። ኩሮሳዋ እንቢ አለ። ካትሱ ተቆጥቶ ሄደ፤ ቦታው ለታትሱያ ናካዳይ ተሰጠ። ብዙ ሰው ይህን የሁለት ኩሩዎች ጠብ አድርጎ ያወራዋል። ኩራቱ ነበር። ቢሆንም ነገሩን ከማታው ጠረጴዛ ስናየው ሌላ ነው። ተዋናዩ የትኛው ሌንስ እንደያዘው እንዳያውቅ ተብሎ ሃያ አምስት ዓመት ካሜራ የራቀበት አሠራር ነው። ካትሱ ይዞት የመጣው ካሜራ ተዋናዩ ራሱን ከውጭ የሚያይበት ነው፤ በዚያ ላይ የቀረጸው ፊልም ወደ ኩሮሳዋ ጠረጴዛ አይመጣም። ካሜራ ያለ ግዳጅ ማሰማራት የማይፈራው ሰው የፈራው ይህን አንዱን ነው።

«ካገሙሻ» በናካዳይ ተሠርቶ በ1980 የካን ፌስቲቫልን ታላቁን ሽልማት ከሌላ ፊልም ጋር ተካፈለ። ካትሱ ቢቆይ ይበልጥ ነበር የሚሉ እስከ ዛሬ አሉ። ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ኮሜዲ ያውቅበታል፣ ሌባውም ገጸ ባሕርይ ኮሜዲ ይፈልጋል። እኔ ግን ካትሱ ማታ ማታ ክፍሉ ተቀምጦ የራሱን ፊልም እያየ፣ ኩሮሳዋ ደግሞ በሌላኛው ክፍል የራሱን እየቀጠለ አንድ ፊልም ይወጣ ነበር ብዬ አላምንም።